ሦስት መዝገብ፣ አንድ ቁጥር፦ የአንድ ትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ

ነገሩን መጀመሪያ ያየው ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የትራፊክ አደጋ መዝገቦች ነበሩ። ቀናቸው ይለያያል፤ ቦታቸውም ይለያያል። አንዱ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ አይሱዙ ነው። አንዱ ከተማ መሃል ባጃጅና ሞተር ሳይክል የተጋጩበት ነው። ሦስተኛው በገበያ ቀን ሚኒባስ አህያ የገጨበት ነው። በሦስቱም ፕላን፣ ማለትም ፖሊስ የአደጋውን ቦታ ለክቶ በሚሥልበት ወረቀት ላይ ግን አንድ ቁጥር ቁጭ ብሏል፦ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ውጭ 7 ሜትር ከ40።

"ባጃጁ ከተጋጨበት ቦታ 7 ሜትር ከ40 ወደ ውጭ ብትሄድ ሱቅ ውስጥ ነው የምትገባው" አለኝ ዐቃቤ ሕጉ በኋላ ስንገናኝ። "ሱቁን አውቀዋለሁ። ስኳር የምገዛው እዚያ ነው።"

ሦስቱንም ፕላን ያነሳው አንድ ሰው ነው። በወረዳው በጥንቃቄው የሚታወቅ ዋና ሳጅን ነው። ዐቃቤ ሕጉ በእነዚህ መዝገቦች ዋና ሳጅኑን በሐሰተኛ ማስረጃ ሊያስከስሰው ይችል ነበር። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ለፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደወለ። ኃላፊው ኮማንደር ደግሞ እኔ ጋ ደወለ። እኔም ዩኒፎርሙን ለ6 ዓመት ለብሼዋለሁ። ከዚያ ወጥቼ ሥነ ልቦና ተማርኩ። ከዋና ሳጅኑ ጋር ሥልጠና አብረን ነው የገባነው።

"ሰነፈ ይላሉ" አለኝ ኮማንደሩ። "እኔ ሰነፍ ፖሊስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሄ እንደዚያ አይደለም። እስቲ ና፣ እየው።"

ይህን የምጽፈው ባለጉዳዩ አንብቦ ስለፈቀደልኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ወረዳውንም አልጠራም። ማንነቱን የሚገልጡ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ሰውዬውና መንገዱ

19 ዓመት አገልግሏል። ከዚህ ውስጥ 11ዱ በትራፊክ ነው። አዲስ ኮንስታብል ሲመደብ ፕላን ማንሳት የሚማረው ከእሱ ነበር። ፕላኑን መጀመሪያ በእርሳስ ይሥላል። ከዚያ ሜትሩን ይዘረጋል፤ አንድ ጊዜ ለክቶ አያምንም፣ ይደግመዋል። በእስክሪብቶ የሚያጠቁረው ሁለቱ ልኬቶች ሲገጥሙ ብቻ ነው። "ይሄ ወረቀት ሰው ያሳስራል፤ ሰው ያስፈታል" ይላቸው ነበር ልጆቹን።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ደብረ ብርሃን ትደርሳለህ። ብርዱ እዚያ ይቀበልሃል። ከዚያ ወደ ጣርማበር ይወጣል። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ስታልፍ መሬቱ ከእግርህ ሥር የጠፋ ይመስልሃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሹራብ ወደሚያስወልቀው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በክረምት ጉሙ ፊት ለፊትህ ያለውን መኪና ይሰውርብሃል። ከባድ ጭነት ይዞ፣ በማርሽ መያዙን ትቶ፣ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ። እዚህ አካባቢ የሚሠራ ትራፊክ የብዙ ሰው የመጨረሻ ሰዓት ላይ ተገኝቷል።

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት አሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ይሄ ሰው ሥራ ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስም ሥራ ላይ ነበር። ከዚያም በኋላ ክልሉ አልተረጋጋም። ትራፊክ ነህ ተብሎ መንገድ ላይ ብቻ የሚቀር ፖሊስ የለም፤ ዘብ ይቆማል፣ ተፈናቃይ ያጅባል። የዘመድ መርዶ እየሰማ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ቀን አልቀረም ነበር። ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም።

ያ ማለዳ

ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ፍሬን እምቢ አለው። ከፊቱ የነበረውን ዶልፊን ገፍቶ ከመንገድ አወጣው። ዋና ሳጅኑ ከአንድ ኮንስታብል ጋር ሲደርስ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልሆነም። ጉም ነው። የተቀደደው የሲሚንቶ ከረጢት አቧራ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሁሉም ነገር አመድ መስሏል። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የዶልፊኑ ሹፌር ግን ወገቡ ሥር ተይዟል። ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት።

ልጁ ይናገር ነበር። ወጣት ነው። "ጋሼ፣ አትሂድ" አለው። ዋና ሳጅኑ በመስኮቱ በኩል እጁን ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ። ስለ እናቱ አወሩ። ከየት እንደመጣ አወሩ። ኮንስታብሉ ከላይ ተሽከርካሪ እያስቆመ ነው፤ ከታች ሰው እየተሰበሰበ ነው። መንገዱ መከፈት አለበት። ከተከፈተ ደግሞ የጎማው ምልክት ይጠፋል። ምልክቱ ከጠፋ የልጁን ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚያስረዳ ነገር አይኖርም።

"መጣሁ" ብሎት ሄደ። ሜትሩን ዘረጋ። ለካ። እንደ ልማዱ ደገመ። ዶልፊኑ ከአስፋልቱ ጠርዝ የወጣው 7 ሜትር ከ40 ነበር።

ሲመለስ ልጁ አልፏል።

ይህን የነገረኝ እኔና እሱ በተገናኘን በሦስተኛው ቀን ነው። ሲነግረኝ እያለቀሰ አልነበረም። የቀኝ እጁን መዳፍ ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ደጋግሞ ይጠርጋል። "አንዴ ለክቼ ብመለስ ኖሮ" አለኝ። "ምን አስደገመኝ?"

የዚያን ቀን ማረፍ አልቻለም። የተሳቢው ሹፌር ሮጦ ጣቢያ እጁን ሰጥቷል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ይላል። ፕላኑ፣ የምስክር ቃሉ፣ የሐኪም ማስረጃው መሰብሰብ አለበት። ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ቢጠይቅ እንኳ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ የሰው ነፃነት የሚጠብቅ ሕግ ነው። መርማሪውን ግን ማን እንደሚጠብቀው የተጻፈ ነገር የለም። ዋና ሳጅኑ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ መዝገቡን አደራጅቶ አቀረበ። የዚያ መዝገብ ፕላን አንድም ስህተት የለበትም። አይቼዋለሁ።

ጓደኞቹ "በርታ" አሉት። ኃላፊዎቹም "በርታ" አሉት። በእኛ ቤት ለሁሉም ሐዘን የምንሰጠው ቃል እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ

ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ቤቱ ሄጄ ባለቤቱን አነጋገርኳት። ቡና አፍልታ ተቀመጠች። "ወንድሜ፣ ሌሊት ሌሊት ይቆጥራል" አለችኝ። "ብር ነው የሚቆጥረው ብዬ ነበር። ኋላ ሳዳምጥ ሜትር ነው።" ጎረቤታቸው ቤት እየሠራ ነበር። ሲሚንቶ ሲቦካ እሱ መስኮቱን ይዘጋል፤ ልጆቹንም ከደጅ ይጠራቸዋል። አረቄ አይቀምስም የነበረ ሰው ማታ ማታ አንድ መለኪያ ማለት ጀመረ። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ አረቄ አይጠፋም። ብርድ ነው፣ ያሞቃል ይባላል። አንዱ መለኪያ ሦስት ሆነ።

ሥራ ላይስ? አደጋው ወደደረሰበት ኩርባ አይሄድም። አደጋ ሲደርስ ኮንስታብሉን ይልካል፤ ኮንስታብሉ የነገረውን ይዞ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፕላን ይሥላል። ቁጥሩን ሳያስበው እጁ ይጽፈዋል። 7 ሜትር ከ40። እኔ ሦስቱን ፕላኖች ፊቱ ስዘረጋቸው ደነገጠ። የጻፈውን አያውቅም ነበር። ያንን ፊት አይቼ ይሄ ሰው ዋሸ የሚለኝን አልሰማም።

አሁን የምናገረው ነገር በጣም ያሳዘነኝ ነው። ከዚያ ማለዳ በኋላ ባሉት አራት ወራት የዋና ሳጅኑ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ከፍ ብሏል። አዎ፣ ከፍ ብሏል። የምዘና ቅጹ ስንት አሽከርካሪ ተቀጣ፣ ስንት ጊዜ ቁጥጥር ተደረገ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ደግሞ ሹፌር ባየ ቁጥር ይቆጣል። በፊት መክሮ የሚለቀውን አሁን ይከሰዋል፤ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል። ረዳቶቹ "ዋና ሳጅን ምን ነካቸው?" ይባባላሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ አደገ።

ግምገማ ላይ ውጤቱ ሲነበብ ጥሩ ነበር። አስተያየት ሲመጣ ነው የተጎዳው። አንድ የሥራ ባልደረባው ተነስቶ "ቦታው ላይ አይገኝም፣ ስንፍና ይታይበታል፣ ልጆቹን ይልካል" አለ። እውነቱን ነው፤ አይገኝም። ለምን እንደማይገኝ ግን የጠየቀ የለም። ዋና ሳጅኑ "ሂሱን ተቀብያለሁ" ብሎ ተቀመጠ።

ኋላ እንዲህ አለኝ፦ "ልጁን እግዜር ያውቃል፣ አንድ ቀን ይቀለኛል። 19 ዓመት ሠርቼ በሰው ፊት ሰነፍ የተባልኩት ግን አይወጣልኝም።"

ይህ የእሱ ብቻ ስሜት አይደለም። ማክሪሪ እና ቶምፕሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የፖሊስን ጭንቀት የሚለኩ ሁለት መጠይቆች አውጥተዋል፤ እያንዳንዳቸው 20 ጥያቄ አላቸው። አንዱ መንገድ ላይ የሚገጥመውን ይጠይቃል፦ አደጋ፣ የሌሊት ተራ፣ አስከሬን። ሌላው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ይጠይቃል፦ አድልዎ፣ የአለቃ ጠባይ፣ የአስተዳደር ሥራ ብዛት። ለሁለት የከፈሉት በምክንያት ነው። ፖሊስን ከወንበዴው ባልተናነሰ የሚሰብረው የገዛ ቤቱ መሆኑ በየአገሩ ደጋግሞ ታይቷል።

ጽናት ስንል

"ቻይ" የሚባል ቃል አለን። ቻይ ሰው እንወዳለን። "ሆድ ይፍጀው" ብሎ የሚያልፍ፣ ፊቱ የማይለወጥ፣ ወንድ የሆነ ወንድ። ፖሊስ ቤት ደግሞ ይሄ እጥፍ ነው። ዋና ሳጅኑን አራት ወር ሙሉ ያላየነው ቻይ ስለነበረ ነው።

ጽናት ከዚህ ይለያል። የጸና ሰውም ይጎብጣል። ጥያቄው ተመልሶ መቃናት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኮነር እና ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት የታወቀ የጽናት መለኪያ 25 ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ሙሉው 100 ነው። ጥያቄዎቹን ሳነባቸው ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። በውስጣቸው የምትተማመንበት የቅርብ ሰው አለህ ወይ የሚል አለ። ሲጨንቅህ ማን ጋ እንደምትሄድ ታውቃለህ ወይ የሚል አለ። አንዳንዴ ፈጣሪ ይረዳኛል ብለህ ታምናለህ ወይ የሚልም አለ። እነዚህ የሰውዬውን ጉልበት ብቻ አይለኩም፤ ዙሪያውን ጭምር ነው። ዋና ሳጅኑ "ማን ጋ ትሄዳለህ?" ስለው ረጅም ዝም አለ። "ድሮ ኮማንደር ጋ እሄድ ነበር። ከግምገማው ወዲህ አልሄድም" አለ።

የሥራ አፈጻጸምም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። አንዱ በሥራ መዘርዝርህ የተጻፈው ነው። ሌላው ያልተጻፈው ነው፤ አዲሱን ልጅ ማስተማር፣ የባልደረባህን ተራ መሸፈን፣ ባለጉዳይን በደህና ቃል መሸኘት። ዋና ሳጅኑ መጀመሪያ ያጣው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቅጹ ደግሞ ይህን አይጠይቅም። የተጻፈው ሥራ የተበላሸው በመጨረሻ ነው፤ ያኔም የያዘው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ምዘናው አይደለም።

ያደረግነው

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ አባላቱን አዳራሽ ሰብስቦ ዋና ሳጅኑ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት እንዲናገር ነበር። ይውጣለት፣ ይቅለለው ተብሎ ነው፤ በክፋት አይደለም። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። አደጋ ያየን ሰው አንድ ጊዜ አስቀምጦ ሁሉንም ዘርዝር ማለት ሕመሙን እንደማይከላከል በጥናት ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዳይደረግ መክሯል። በዚያ ላይ ሰነፍ የተባለበት አዳራሽ ያው ነው። እዚያ አቁመን እንዴት ልቡን ይሰጠናል?

20 ጥያቄ ያለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ለሁለት ብቻችንን ሆነን አየነው። ራስ ምታት አለ፣ አዎ። እንቅልፍ፣ የለም። እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ አዎ። ሕይወትህን ስለማጥፋት አስበሃል የሚለው ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ አየኝና "የለም። ልጆቼስ?" አለ። ለዚህ መልስ አምላኬን አመሰገንኩ። ችግሩ ከአንድ ወር በላይ ስለቆየ ግን ከእኔ በላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ላክሁት። ያለ ዩኒፎርም ነው የሄደው። ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም እንደሆነ እዚያ ተነገረው። ስም ማግኘቱ ብቻ ትከሻውን አቀለለው። "ስንፍና አይደለም ማለት ነው?" ብሎ ነው የጠየቃቸው።

ባለቤቱ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልትወስደው ፈልጋ ነበር። እኔን ፈርታ አልነገረችኝም። ሂዱ አልኳቸው፤ ቀጠሮውን ብቻ አትዝለሉ። ሄዱ። አረቄውን የተወው እዚያ ነው። ባለሙያው ለሳምንታት ሲነግረው የቆየውን እዚያ ቃል ገብቶ ፈጸመው። ሁለቱን የሚያጣሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ኮማንደሩ ተራውን አስተካከለ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ መቆም ቀረ። ይህን እንደ ቀላል የሚያየው ብዙ ነው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚዝል እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እኛ ግን ጠጥቶ የሚነዳውን ሹፌር አስቁም ብለን የምንልከው ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ፖሊስ ነው።

ወደ ኩርባው የሄድነው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ነው። መጀመሪያ ቀን ኩርባው ከሩቅ ከሚታይበት ቆመን ተመለስን። ሁለተኛ ቀን ኩርባው ላይ ወረድን፤ ትንፋሹ ሲያጥር ቆምን፣ ሲመለስለት ሄድን። ሦስተኛ ቀን ሜትሩን ይዞ መጣ። የሜትሩን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ለካ። ከጠርዙ እስከዚያ ቦታ፣ 7 ሜትር ከ40። አልደገመውም። ሜትሩን ጠቀለለና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ቸኩዬ አላጽናናሁትም።

ከዚያ ሦስቱን መዝገቦች ራሱ ሄዶ እንደገና ለካቸው። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ዕድል የሰጠው ፕላኖቹ ገና ፍርድ ቤት ስላልገቡ ነው። ገብተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሱቅ ውስጥ ገብተህ ሰው ገጭተሃል ሊባል ነበር። የፖሊስ የአእምሮ ጤና የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ልጅ አሳየዋለሁ።

አሁን

ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም። ጉም ባለበት ቀን አይተኛም። ሲሚንቶ ሲሸተው አሁንም ይዞራል። ሹፌሮች ላይ ግን መጮኽ ትቷል፤ አዲሶቹን ልጆችም እንደገና ያስተምራል። ግምገማ ላይ ሰነፍ ያለው ባልደረባው ቤቱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆታል። አብረው በልተዋል።

በትራፊክ ክፍሉ አንድ ልማድ ተጀምሯል። ከባድ አደጋ ሲኖር ሁለት ሰው ቦታው ላይ ይደርሳል፤ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ከተጎዳው ሰው አጠገብ አይነቃነቅም። ይህን ያመጣው ዋና ሳጅኑ ነው። በመመሪያ አልተጻፈም። በቃል ነው የቆመው፤ ኮማንደሩ ስለተስማማ።

ኮማንደሩ ተዛውሯል። አዲሱ ኃላፊ የሰው ኃይል እጥረት አለብኝ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አለበት። የሌሊቱ ተራ ወደ ድሮው ተመልሷል። የምዘና ቅጹም ያው የድሮው ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ደወልኩለት። ድምፁ ደህና ነበር። ከማን ጋር ነህ አልኩት።

"ዛሬ ብቻዬን ነኝ" አለኝ።